የነሐሴ ዙር

ሁለቱ ምሰሶ
ከባቡር ጥገናው ጀርባ ቆመዋል በነሐሴ፤
መረቡ ከአልጋ ሥር ነው፣ በጆንያ
ያሰርኩት በራሴ።
እስከ ጥቅምት ድረስ ግጥሚያ የለብንም፤
እንቅልፍ ግን ይህንን አልሰማም መሰለኝ፣
ወደ እኔ አይመጣም።

የከዚራ ሙቀት ከእኔው ጋር ያመሻል፤
የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፣
በላቤ ጠብታ ቀለሙ ይሸሻል።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ስድስት ድረስ፤
ማን ሰርቪስ ይጀምር? ማን ይቆይ? ማን ይረፍ?
ማንስ ከማን ኋላ፣ በየት በኩል ይድረስ?

ሚስቴ ዙሪያሽ ትስቃለች፦
«ኳስ መትቶ ለማሻገር ይሄ ሁሉ ሒሳብ?»
ሒሳቡማ ትከሻ ነው። እሱ ነው የሚያሳስብ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡሎን የፈታሁ ሰው፣ ቡሎን ያጠበቅሁኝ፣
አንድ ነገር አውቃለሁ፦
ብረትም ይደክማል ያለ እረፍት ከሠራ፤
የኔም ቀኝ እጅ ይኸው
ከጆሮዬ በላይ አልወጣም ካለ ቆየ፣
ሸሚዜን ለማውለቅ ዙሪያሽን ልጣራ?

ጉሌድን አንደኛ።
(ሰረዝኩት።) ገና ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ክንዱ እሳት፣ ልቡ ጭድ፣
በአንድ ማሊያ ውስጥ ነው የሚኖሩት ሁለቱ።
ሦስቱን እንደ ጥይት፤ ተመልካች ይነሣል፣ ያፏጫል፣ ይዘላል፤
አራተኛው ኳስ ግን
ደቻቱ አሸዋ ላይ ከፍየል ጋር ይውላል።

ሸምሰዲን ይጀምር። ቀኝ ትከሻውን ሲሚንቶ የበላው፣
እንደ ዛገ በር ነው፣ ይጮሃል ዘንድሮ፤
ግን ኳሷ ከጥጉ ላይ ታርፋለች በቀስታ፣
እንቁላሏ ላይ እንደምታርፍ ዶሮ።
«በሳምንት አንድ ጊዜ፤ ሁለቴ ካልከኝማ
አለቀልኝ እጄ፤
እራቴን በማንኪያ
የምታጎርሰኝ ናት ትንሿ ልጄ።»
ጉሌድ ሁለተኛ፤ የሽማግሌውን እጅ እያየ ይረጋ።

ፍሬሰንበት ሦስተኛ። አይሞገስ፣ አይነቀፍ፤
እንደ ዕድለኛ ቧንቧ
ቀጭን ነው ውኃው እንጂ አያቋርጥ፣ አይነጥፍ።
ቶፊቅን ለሐረር ጨዋታ አቆየሁት፣
እዚያ አክስቶች አሉት፤
እጥፍ ነው የሚመታው ከዳር ሆነው ሲያዩት።
መሐዲ ግራኝ ነው፤
ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ሰው «ወጣ» ብሎ እጁን ሲሰበስብ፣
ተሳፋሪ እንዳየ ባጃጅ
ድንገት ይታጠፋል።

ስድስተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ተያዘ።
ኢብሳ በሰኔ ወር
የነዳጅ ቦቴ ላይ ረዳት ሆኖ፣ ጅቡቲ ተጓዘ።
አንድ ሌሊት ደወለ። ሞተሩ ከኋላው ያጓራል።
«አሰልጣኝ» አለኝ፣ «ጎማ ሳነሣ ጠንክሯል ክንዴ፤
ለጥቅምት እመጣለሁ፤
ቦታዬን ለሌላ ሰጠኸው እንዴ?»
እመጣለሁ ያለ ሁሉም ቢመጣማ፣
ባልበቃ ነበረ ጣቢያው ለከተማ።
ስም አልጻፍኩበትም። ቁጥሩን ብቻ፣ ከጎኑ አንድ ነጥብ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደቻቱ ጮኸ።
እዚህ ጠብ ያለ የለም፤ ዝናቡ ከላይ ነው፣ ከደንገጎ ማዶ።
ማለዳ ብወጣ፣
አንዱ ምሰሶ ተጋድሟል፣
የሌላው ሥር ባዶ።
ሸምሰዲን ፈረቃ ላይ፣ ጉሌድ እንቅልፍ ላይ፤
ፍሬሰንበት ነበር፣ ማንም ሳይጠራው፣
ሱሪውን ሰብስቦ፣ ከነአካፋው ጭቃው ላይ።
ስንቆፍር አላወራም። እኔ በአንድ እጄ ነው የምቆፍረው፣
ያንንም አላየም።
ሲጨርስ ምሰሶውን በሁለት እጁ ነቀነቀው፤
አልነቃነቅም አለ፣ ነቅነቅም አላለም።

ደረሰኙን ከኪሴ አወጣሁ፤ ከስሙ ፊት ሦስትን ሰርዤ
አንድ ብዬ ጻፍኩት።
ሸምሰዲን ይቆጣል፣ መቼስ ይቆጣል፣ ነገ እነግረዋለሁ።
ስድስተኛውን ግን
ከነነጥቡ ተውኩት።